የኤቢሴ ዱቄት

አጎቴ ሰይፈሚካኤል ሚስቱን ይዞ ከቡልቡላ የመጣ ዕለት፣ ሴትዮዋ የተቀመጠችው የእኔ ቦታ ላይ ነበር፤ የኢሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል።

ስምንት ዓመቴ ነው። የመኪናውን ጥሩምባ ከሩቅ ስለማውቀው እንደ ወትሮዬ ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። በሩን ልከፍት ስንጠራራ፣ አንዲት የማላውቃት ጠይም ሴት በመስታወቱ ውስጥ ቁልቁል ታየኛለች። ጭኗ ላይ ዘንቢል አቅፋለች። ፈገግ አለችልኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩባት።

«ሉሊቴ፣ ነይ ሳሚያት! እትዬ ኤቢሴ ናት፤ ሚስቴ» አለኝ አጎቴ በወዲያኛው በር እየወረደ።

ሚስት እንዳለው አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ «ሰይፉ ቡልቡላ ቤት ይዟል» ይባል ነበር። እኔ ግን ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ስለሚመስለኝ፣ ቤት መያዙ ደንታም አልሰጠኝ።

የምንኖረው አዳማ ነው፤ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ንፋሱ የቆርቆሮ አጥሩን ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ የሚውልበት ሰፈር። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እናቴ ዘመናይ ዱቄት ፋብሪካ ትሠራለች። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሰይፉ ደግሞ ከቡልቡላና ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዳማ አትክልት ተራ ያራግፋል፤ በመጣ ቁጥር ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ቤት ያርፋል። በሳምንት ሦስት ቀን የእኔ ነበር። ከትምህርት ቤት በር ላይ ይወስደኛል፣ ጋቢና ያስቀምጠኛል፣ ጭነቱ እስኪራገፍ ሐብሐብ ቆርጦ ያበላኛል፤ ጥሩምባውንም እንድነፋ ይፈቅድልኛል። አባት ለመባል የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ያን ቀን ግን ዘንቢሏን ተቀብሎ፣ እጇን ይዞ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አወረዳት። እናቴም ከቤት ወጣች። እናቴ እንዲሁ በዋዛ የምታቅፍ ሴት አይደለችም፤ እኔን እንኳ የምታቅፈኝ ትኩሳት ሲይዘኝ ነው። ኤቢሴን ግን አንገቷ ስር ሸሽጋ ረጅም ጊዜ ይዛት ቆመች። ሁለቱም ያለቅሳሉ። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ከኢሱዙው ጎማ አጠገብ ቆሜ፣ ሰው ገና ሲመጣ የሚለቀስለት ምን አድርጎ ነው ብዬ ተገረምኩ።

«እትዬ በያት» አለችኝ እናቴ ማታ ራት ላይ።

«ኤቢሴ ነው ስሟ» አልኩ።

በጥፊ ልትለኝ ስትነሳ ኤቢሴ ክንዷን ያዘቻት። «ተዪያት እትዬ ዘመናይ፣ ልጅ አይደለች?» አለች። ጥፊውን ብቀምስ ይሻለኝ ነበር። ያዳነችኝ እሷ መሆኗ አንጀቴን አሳረረው።

በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ እኩሌታ ላይ፣ እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ በላስቲክ የታሰረ አምስት ኪሎ ያህል ዱቄት ይዛ መጣች። ዱቄት አልጠፋብንም፤ ጓዳ ውስጥ አንድ የቀለም ባልዲ ሙሉ ነበረን። እናቴ ግን ሌላ ባዶ ባልዲ አጥባ አደረቀች፤ አዲሱን ዱቄት ገለበጠችበት፤ ሰማያዊ ክዳን ከደነችበትና ኤቢሴን ጠራቻት።

«ይሄ ያንቺ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚህ ለራስሽ ቂጣ ጋግሪ። ለማንም እንዳትሰጪ፤ ለእኔም ቢሆን።»

«ብቻዬን?» አለች ኤቢሴ ደንግጣ።

«ብቻሽን!» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ሰማያዊው ባልዲ ጋ እንዳላይሽ።»

እኔ፣ የቤቱ ልጅ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በጋራ ስንበላ የኤቢሴ ቂጣ ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል። ከእኛ ቂጣ በመልክ አይለይም። ለእኔ ግን የሚያበራ ይመስለኝ ነበር። እሷ ትንሽ ትቆርስና አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ሌባ በፍጥነት ታኝካለች። ዓይኔን ካፏ አልነቅልም። ኩራት ነው ብዬ ነበር፤ ያን አንገት መድፋት።

ዱቄቱ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ተደብቄ ነው። ቢያንስ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ የእናቴ የሥራ ባልደረባ ወርቄ መጣችና በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ያወራሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እሠራለሁ።

«ያ ቢጫው ነገር እውነት ይሠራል ብለሽ ነው?» አለች ወርቄ።

«ያሠለጠኑን ሰውዬ ሲናገሩ አልሰማሽም? ጀርባ የሚዘጋው በእሱ ነው አሉ። እሱ ካነሰ ክፍት ሆኖ ይቀራል።»

«እና የኤቢሴ...»

«ጀርባዋ ክፍት ነበር እኮ፣ ወርቄ! እዚህ ጋ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ። ሰይፉ በዓይኑ አይቶታል።» እናቴ ድምጿ ተሰበረ። ወዲያው መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየች መሰለኝ፣ «ሉሊት! ሂጂ ውጪ ተጫወቺ» ብላ ጮኸች።

ወጣሁ። ነገሩ ግን ገብቶኛል። ኤቢሴ ጀርባዋ ላይ ቀዳዳ አለባት። ዱቄቱ ያን ቀዳዳ ይደፍናል። አጎቴ ክረምት ላይ የሰርቪስ ቤቱን ስንጥቅ በሲሚንቶ ሲደፍን አይቼዋለሁ፤ ሲሚንቶና ዱቄት ደግሞ በውሃ ሲቦኩ ያው ናቸው። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? የእኔ ብስሉ ዱቄቱ ጀርባ ለመዝጋት መሆኑ ነበር። ጥሬው፣ ጀርባዋ የተባለችው ማን እንደሆነች አለማወቄ ነው።

ኤቢሴ አልነበረችም። ባለፈው ሰኔ ቡልቡላ ተወልዳ ሦስት ቀን የቆየች፣ ስም እንኳ ያልወጣላት ሴት ልጃቸው ነበረች። ኤቢሴ አዳማ በመጣችበት ሰሞን እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ሥልጠና ወስዳ ነበር። ፋብሪካው ለእርዳታ የሚላክ ዱቄት ሲፈጭ ብቻ ቢጫ ብናኝ ይጨመርበታል፤ አይረን፣ ፎሊክ አሲድ፣ ሌሎችም ቫይታሚኖች አሉበት፤ ለአንድ ኩንታል አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ሠራተኞቹ «መድኃኒቱ» ይሉታል። አሠልጣኙ ስለ ሕፃናት ጀርባ ሲናገሩ እናቴ የወንድሟ ልጅ ትዝ አለቻትና አዳራሹ ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ የፈረቃ ኃላፊያቸውን አቶ መርዳሳን ለምና ያን አምስት ኪሎ አስፈቀደች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ያኔ ግን የምፈልገው ቀዳዳውን ማየት ብቻ ነበር።

ዕድሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ኤቢሴ ግቢ ውስጥ ፀጉሯን ልትታጠብ ቀሚሷን እስከ ወገቧ አውርዳ፣ ነጠላ ደረቷ ላይ አስራ፣ ሳፋው ላይ አጎነበሰች። «ሉሊቴ፣ ኮቱ! ነይ ውሃ አፍስሺልኝ» አለችኝ። ስትቸኩል ኦሮምኛና አማርኛውን አንድ ላይ ነበር የምትለው።

ጆጉን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። ጀርባዋ ሙሉ ለሙሉ ታየኝ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ለስላሳ፣ ድፍን፣ ቡናማ። በግራ ትከሻዋ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ፤ ሌላ ምንም የለም። አላመንኩም። ጣቴን አከርካሪዋ ላይ አሳርፌ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩ።

«ኧረ ትኮረኩሪኛለሽ!» እያለች ከሳሙናው አረፋ ውስጥ ከትከት ብላ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ስሰማት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ውሸታም! አልኩ በልቤ። ጀርባዋ ደህና ሆኖ ሳለ እናቴን አታላ፣ አጎቴን አታላ፣ ልዩ ዱቄት ትበላለች። አሁን ቅናቴ ብቻውን አልነበረም፤ ፍርድ ጨምሮበታል። ቀናተኛ ሰው እውነት ያገኘ ሲመስለው ደግሞ አያድርስ ነው።

በሳምንቱ አጎቴ ስንት ጊዜ ከቀረ በኋላ ብቻውን ሆኖ ከትምህርት ቤት ወሰደኝ። ጋቢናው የእሷን ቅባት ይሸታል። እንደ በፊቱ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለኝ። እኔ ግን የያዝኩትን ይዤ መቆየት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ኤቢሴ ውሸቷን ነው። ጀርባዋ ክፍት አይደለም።»

ፍሬኑን ሲረግጠው ሁለታችንም ወደፊት ተወረወርን። ከኋላችን ባጃጆች ጥሩምባቸውን ነፉ።

«ምን አልሽ?»

«ጀርባዋ። አይቼዋለሁ፤ ነክቼዋለሁም። ምንም አልሆነም። ዝም ብላ ነው ዱቄቱን...»

«ማነው የነገረሽ?»

«እማዬ ለወርቄ ስትነግራት።»

ባጃጆቹ እየተሳደቡ በጎን አለፉን። አጎቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ሳያየኝ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ስትዪ እንዳልሰማ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። በራችን ላይ አውርዶኝ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሄደ። ሐብሐብም የለ፣ ጥሩምባም የለ።

ያቺን ሕፃን በገዛ ጃኬቱ ጠቅልሎ የቀበራት እሱ ነበር። ይህንንም ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእሷ ብሎ ጠላኝ።

ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ እናቴ ሥራ፣ ኤቢሴ ገበያ እያለች ጓዳ ገባሁ። የሰማያዊውን ባልዲ ዱቄት ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጥኩ። ከቤቱ ባልዲ በጣሳ እየቀዳሁ የእሷን ሞላሁ። የእሷን ደግሞ ወደ ቤቱ ባልዲ መለስኩ። ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል። ክዳኑን ገጥሜ ቀና ስል ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማለች፤ የቲማቲም ፌስታል በእጇ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም። ባልዲዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ቀረብ አለችና በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችልኝ። ቲማቲሙን አስቀምጣ ወጣች። ድስት ስፈልግ ነው ልላት ያዘጋጀሁት ውሸት አፌ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ቂጣ ሲቀርብ ከሁሉም ቀድሜ እጄን ሰደድኩ። ቆረስኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አኘክሁ። ያው ቂጣ ነው። ጨው አነስ ያለበት፣ ጠርዙ ያረረ፣ ትናንት የበላሁት ቂጣ። ምናልባት ቀስ እያለ ይሆናል ብዬ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ቁመቴን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ለካሁ። ጀርባዬን በመስታወት አየሁ። እናቴ እንደ ኤቢሴ ታቅፈኝ እንደሆነም ጠበቅኩ። አላቀፈችኝም። እሷ ልዩ የሆነችበት ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶም፣ እኔ ያው እኔ ነበርኩ።

የካቲት ላይ ኤቢሴ ማርገዟ ታወቀ። ከሐዘኑ ወዲህ ወሯ ተዛብቶ ስለነበር ራሷም አላወቀችም፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አራት ወር አልፏታል ተባለ። ቤታችን ሠርግ መሰለ። አጎቴ ፓፓያና የዝዋይ ዓሣ ያመጣል። እናቴ «አየሽ! አየሽ!» እያለች ሰማያዊውን ባልዲ እንደ ሰው ትመርቀዋለች። እኔ የጥርስ ሕመም ይዞኛል ብዬ ተኛሁ። ማንም አልመጣም። ቆይቶ ኤቢሴ ቅርንፉድ ይዛ መጣች፤ ግድግዳውን አቅፌ የተኛሁ መሰልኩ።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ ዝናቡ ሰፈሩን ጭቃ ባደረገበት ሳምንት ወለደች። እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ ጭቃ ይዞ መግባትን የምትጠላውን ያህል የምትጠላው ነገር የለም። ስልኳን አውጥታ ለአባቴ ደወለች።

«ሴት ናት» አለችው። «ይቺም ጀርባዋ ክፍት ነው።»

ይቺም። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ሁሉን ነገር ገለበጠችው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ ሰባት ወር ሙሉ ስጠላት የነበረችው ሴት ጀርባ ለምን ድፍን እንደነበረ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዱቄቱ ለማን ጀርባ እንደነበረም ገባኝ። ዱቄቱን የቀየርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅቷ ሶፊ ተባለች። አዲስ አበባ ወስደው ጀርባዋን ሰፉላት፤ ከጭንቅላቷ ውሃ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦም አስገቡላት። ኖረች። እግሮቿ ግን አልታዘዟትም። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አዝያት ስዞር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ትምህርት ቤት ሳደርሳት፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ዊልቸሯን በአዳማ አሸዋ ላይ ስገፋ፣ የሰፈሩ ሰው «የሉሊትን ደግነት ያየ!» ይል ነበር። እያንዳንዷ ምስጋና በጥፊ እንደመመታት ነበረች።

ጥፋተኛ በመሆኔ ቅናቱ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ሶፊ በሦስት ዓመቷ በሁለት ቋንቋ ትመልስ ነበር። እኔን «አጠናሽ?» ብቻ የምትለኝ እናቴ፣ ለእሷ ተረት ታወራላት ነበር። አጎቴ እሷን ሲያቅፍ ፊቱ ላይ የሚወጣው ብርሃን ለእኔ ወጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ አዝያት ስሄድ፣ ጀርባዬ ላይ ሆና ለሰዉ ሁሉ ሰላምታ ስትሰጥ፣ ሰዉም ስሟን እየጠራ ሲስቅላት፣ በዚያው ቅጽበት ሁለቱም ይመጡብኛል፤ ያደረግሁባት ነገርና የምቀናባት ነገር። ከዚያ ራሴን እጸየፋለሁ። ከዚያ ከረሜላዬን በሙሉ እሰጣታለሁ።

አዋላጅ ነርስነት የተማርኩት ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። በሁለተኛው ዓመት መምህራችን ቦርዱ ላይ ትንሽ ፅንስ ሳሉና፣ «የጀርባው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ነው። አብዛኛዋ ሴት ገና ማርገዟንም አታውቅም። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝናው በፊት ሰውነቷ ውስጥ መገኘት አለበት» አሉ።

እጄን ከዴስኩ ሥር አስገብቼ ቆጠርኩ። ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት... ወደኋላ እስከ ጥቅምት። የሶፊ ጀርባ መዘጋት የነበረበት ኅዳር ሳይጋመስ ነው። ኤቢሴ አዳማ የመጣችው ታኅሣሥ ላይ። እናቴ ዱቄቱን ያመጣችው ከዚያም በኋላ። እኔ የቀየርኩት ጥር ላይ። እናቴም ዘግይታለች፣ እኔም ዘግይቻለሁ፤ መልካሙም ክፉውም ያለቀ ነገር ላይ የደረሰ ነበር። ከክፍል ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ግን ያን ጊዜም ለማንም አልነገርኩም። ንጹሕ ነኝ ለማለት መጀመሪያ ሌባ ነበርኩ ማለት አለብኝና።

ዘንድሮ ከምሠራበት ከአቦምሳ ጤና ጣቢያ ፈቃድ ወጥቼ አዳማ መጣሁ። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች፤ አጎቴ መንገድ ላይ ነው። ኤቢሴ በረንዳው ላይ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ዓይኗን ከጎመኑ ሳታነሳ፣ «ሉሊቴ፣ እኔ እንግዲህ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ልጅ ብወልድ... ይቺኛዋም ክፍት ትሆናለች?» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችውን ነው በአንድ ትንፋሽ ያወጣችው።

«ሐኪም የሚያዝልሽ ኪኒን አለ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ለደረሰባት ሴት ዱቄቱ ብቻ አይበቃም፤ መጠኑ ከፍ ያለ ነው የምትወስጂው። ግን ካረገዝሽ በኋላ አይደለም። ከማርገዝሽ ሦስት ወር ያህል በፊት ጀምረሽ ነው። ፈጽሞ አይደርስም አልልሽም፤ ግን በጣም ይቀንሰዋል።»

«ከማርገዜ በፊት?» እጇ ቆመ።

ያኔ ነው የወጣው። ባልዲውን፣ ጣሳውን፣ ቅናቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«አይቼሽ ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣ?» ጎመኑን ወደ ጎን ገፋችው። «ያን ዱቄት ብቻዬን አልበላሁትም። እኛ ቤት ሰው ልጅ እያየው ብቻውን አይበላም፤ ነውር ነው። አንቺ ደግሞ እንዴት ነበር የምታዪኝ! እናትሽ ያመጣችው ዕለት አንገቴን ደፋሁ፤ በማግስቱ ሥራ ስትሄድ ሁለቱን ዱቄት አንሶላ ላይ ገልብጬ ቀላቀልኩት። ከዚያ መልሼ ሁለቱንም ባልዲ ሞላሁ። አንቺ የቀየርሽው ያንኑ በዚያው ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

መሳቅ ፈለግሁ፤ ግን እሷ አልሳቀችም። «እናትሽ ብቻሽን ብዪ ብላኝ ነበር። ባልቀላቅለው ኖሮ፣ እንዳለችኝ ብቻዬን በልቼው ቢሆን ሶፊ ትራመድ ነበር እያልኩ... አንድም ቀን ለዘመናይ አልነገርኳትም። ለሰይፉም።»

ለካ አንዱን ዱቄት ሁለታችንም ተሸክመነው ነው የኖርነው፤ በአንድ ግቢ፣ ጀርባ ለጀርባ። እጇን ያዝኩና ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፍኩ ወሮቹን ቆጠርኩላት። ሐምሌ። ሰኔ። ጥቅምት ላይ ስንደርስ፣ «ያኔ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ቡልቡላ።»

«መድኃኒቱ ያስፈለገሽ ያኔ ነው። ቡልቡላ እያለሽ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ራስሽም ሳታውቂ፤ ከሱቅ በምትገዢው ተራ ዱቄት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ብቻሽን ብትበዪውም፣ ብትቀላቅዪውም፣ እኔ ብሰርቅሽም ለጀርባዋ ለውጥ አልነበረውም።» እሷ በአንሶላ ላይ ያደረገችውን ነው አሁን ፋብሪካዎቹ እንዲያደርጉ የሚጠየቁት፤ መድኃኒቱን ለሁሉም ሰው ዱቄት፣ በአንድ ላይ። ይህን ግን አላልኳትም፤ እያለቀሰች ነበር።

ከውስጥ ዊልቸር ሲንቀሳቀስ ሰማን። ሶፊ የበሩን መቃን ይዛ ትመለከተናለች። ከየት ጀምራ እንደሰማች ፊቷ ይናገር ነበር።

«ስለዚህ» አለች፣ «ሁለታችሁም እስከ ዛሬ እኔን ስታዩ የምታዩት ዱቄት ነበር?»

«ሶፊዬ...» አለች እናቷ።

«ቆይ። ሉሊት ይመልስልኝ... ትመልስልኝ።» ስትናደድ ቃል ይምታታባታል። «ያ ሁሉ ማዘል፣ ያ ሁሉ ከረሜላ፣ ጥፋተኛ ስለሆንሽ ነበር? እኔ ስለምትወጂኝ ይመስለኝ ነበር።»

ለሕመምተኛ የሚነገር ጥሩ ጥሩ ቃል ብዙ አውቃለሁ። አንዱም አልመጣልኝ። የመጣልኝ እውነቱ ነበር።

«መጀመሪያ ጥፋተኛ ስለሆንኩ ነበር» አልኳት። «በኋላ ደግሞ ቀናሁብሽ።»

ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«በእኔ?»

«በአንቺ።»

«በእኔ ቀናሽ? በዚህ?» ሁለት እጇን ጉልበቶቿ ላይ አሳረፈች።

«በዚያ አይደለም። በሌላው ሁሉ።»

እናቷን አየች፤ መልሳ እኔን አየች። ሰው አዝኖላት ያውቃል፣ ጸልዮላት ያውቃል፣ ፈርቶላትም ያውቃል። አፏ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ልትደብቀው ብትሞክርም አልቻለችም። ጎማዎቹን አሽከርክራ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋችኝና አገጯን በመዳፏ ደገፈች።

«በምን በምን?» አለች። «እንዳትዘልዪ። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»